«አልፎ አልፎ» ያልኩበት ቀን

አማርኛ የተማርኩት ከወይዘሮ አስናቀች ሱቅ ደጃፍ ነው። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር በእግሬ አልረገጥኩም። ወይዘሮ አስናቀች ሆሳዕና ገበያ ዳር ጨርቅና ጨው የምትቸረችር የጉራጌ ሰው ነበረች፤ እኔ ደግሞ ከሀቢቾ ገጠር አግብቼ የመጣሁ፣ ከሀዲይኛ ሌላ አንድ ቃል የማላውቅ ልጅ። እሷ ስትሸጥ እያየሁ፣ ደንበኛ ስትሰድብ እየሰማሁ ለመድኩት። ስለዚህ ከሰላምታው ይልቅ ስድቡ ቀድሞ ገባኝ። እስከ ዛሬም ስቆጣ አማርኛዬ ይጠራል ይሉኛል።

የሱቅ አማርኛ መደጋገም ይወዳል። «ቶሎ ቶሎ በይ እንጂ!» ትላለች። «ወፍራም ወፍራሙን ምረጪ፣ ደህና ደህናውን አንሺ» ትላለች። እኔም ከዚህ ተነሥቼ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ከተባለ በርትቷል ማለት ነው። ቶሎ ፈጣን ነው፤ ቶሎ ቶሎ የባሰ ፈጣን። ማንም አላረመኝም፤ ሕጉ ሁልጊዜ ይሠራልኝ ነበርና ማረምም አላስፈለገም። ያልሠራው ፍርድ ቤት በቆምኩ ቀን ነው።

ባሌ ጠና የአውራጃው ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ፍርድ ቤት የሚያውቀው አማርኛ ብቻ ነው። ባለጉዳዩ ደግሞ ግማሹ ሀዲይኛ፣ ግማሹ ከምባትኛ ይናገራል። በመካከል የሚቆመው ጠና ነው። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደገ ሦስቱንም ቋንቋ እንደ እናቱ ቋንቋ ይናገራቸው ነበር። ሰው ሲያለቅስ እሱ አያለቅስም፤ ሰው ሲሳደብ ስድቡን እንዳለ ያቀርባል። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ተናደው ዳኛውን «አንተ የጅብ ልጅ» ቢሏቸው፣ ጠና ቀጥ ብሎ ቆሞ «አንተ የጅብ ልጅ ብለዋል ጌታዬ» አለ። ሽማግሌው ታሰሩ። ዘመዶቻቸው «ምናለ ትንሽ ብታለዝበው?» ብለው ቤታችን ድረስ መጥተው ተቆጡ። «ማለዘብ ከፈለጋችሁ ሽማግሌውን አለዝቡ» አላቸው። እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው ነው። እኔም ደረቅ ነኝ፤ ደረቅና ደረቅ ተጋብተን ተስማምተን ኖርን።

ሕመሙ የመጣው ሁለተኛ ልጃችንን በቀበርን ዓመት ነው። ስለ ልጁ ብዙ አልጽፍም። ጠና በለቅሶው አንድ ጠብታ እንባ አላፈሰሰም፤ ቀብሩ ካለፈ በኋላ አንድ ጧት ተነሥቶ ማስተርጎም ጀመረ። እኔ በሀዲይኛ «ቆጮው ቀርቧል» ስለው፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ በአማርኛ «ቆጮው ቀርቧል ትላለች» አለ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። በሩ ሲጢጥ ሲል አስተረጎመው። ውሻ ሲጮኽ አስተረጎመው። ሳይተኛ፣ ሳይበላ፣ የሰማውን ሁሉ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው እያገላበጠ ከቤት ወጥቶ መንገድ ለመንገድ ሄደ። ዓይኖቹ ያዩኝ ነበር፤ ግን እንደ ባለጉዳይ ነበር የሚያዩኝ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት አላውቅም።

ያን ጊዜ የደረሰልን ታላቅ ወንድሙ ሀብቴ ነው፤ በአባት ይገናኛሉ። ሀብቴ ክፉ ሰው ነበር ብዬ ነገሩን ብጨርሰው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ወንድሙን ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ለወንዙ ሲያስተረጉምለት አግኝቶ፣ በጀርባው አዝሎ ሀቢቾ ቤቱ ያስገባው እሱ ነው። ከዚያ ግንድ አስጠረበ። የማያውቅ እንዲያውቅ ልንገር፤ ግንዱ ላይ እግር የሚያስገባ ቀዳዳ ይበሳል፣ የታመመው ሰው አንድ እግሩን ያስገባል፣ እንዳይወጣ ሽብልቅ ይመታበታል። አባቶቻችን እብድን እንዲህ ነበር የሚጠብቁት። ጠና ሕመሙ እስኪለቀው እዚያ ተቀመጠ። ሲለቀው ቁርጭምጭሚቱ እስከ አጥንቱ ቆስሎ ነበር። ሕመሙ በራሱ ጊዜ ሄደ፤ ማነከሱ ግን ቀረ።

ከዚያ ተሻለው። ሥራው ተመለሰ። ሣቀ፣ ተቆጣ፣ እንሰቱን ኮተኮተ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዘመር ጀመረ። ደግሞ መጣበት። ደግሞ ተወው። ሲመጣ እንግዲህ እኔ በሩን ዘግቼ፣ ለጎረቤት «ወባ ይዞታል» እያልኩ ቤት ውስጥ አስታምመዋለሁ። ለሀብቴ አልነገርኩም። እንደዚህ እየደበቅሁ መኖር እችል ነበር፤ ነገር ግን መጨረሻ ላይ የመጣበት ከቤት ውጭ፣ ችሎት መካከል ነው።

የዚያን ቀን አንድ የመሬት ክርክር ይሰማ ነበር አሉ። ዳኛው ወልደኪዳን አሳላቸው። ጠና ወደ ባለጉዳዩ ዞሮ ሳሉን አስተረጎመው። ሰው ሣቀ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ፤ ጠና ዝናቡን ማስተርጎም ያዘ፤ ሲያባራ ዝም ይላል፣ ሲጥል ይቀጥላል። ያኔ የሚሥቅ ጠፋ። ዳኛው ችሎቱን ዘግተው እጁን ይዘው እስከ ደጃችን አመጡት። ከፍ ያሉ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገሩ የሸዋ ሰው ነበሩ። «አስታምሚው» ብለውኝ ሄዱ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ወሬው ሀቢቾ እስኪደርስ ጠና ድኖ ነበር። ሀብቴ ግን አቤቱታውን አስገባ። ያን ጊዜ አዲስ የወጣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። በሕጉ መሠረት አእምሮው የታወከ ሰው በፍርድ ይከለከላል፤ ማለትም መሸጥ መለወጥ፣ መፈረም፣ ለራሱ ቃል መስጠት አይችልም። እንደ ሕፃን ይሆንና አሳዳሪ ይሾምለታል፤ የት እንደሚያድር እንኳ የሚወስነው አሳዳሪው ነው። ሀብቴ አሳዳሪው እኔ ልሁን አለ። ሀቢቾ ያለውን የጠና እንሰት ይመኘው እንደነበር እኔም ጎረቤቱም እናውቃለን። እሱን ግን ወስዶ ቢበላው አይቆጨኝም ነበር። የቆጨኝ ጠና የሚያድርበት ቦታ ነው። ግንዱ ሀብቴ ጓሮ ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ዶሮ ይሰፍርበታል።

የቀጠሮው ቀን ጧት ጠና ሸሚዙን ራሱ ካውያ አደረገና «ምን ብለሽ ነው የምትመሰክሪው?» አለኝ።

«አልፏል እላለኋ።»

«አልፏል እንዴ?»

ያን ጊዜ ደህና ከሆነ ቆይቷል፤ ሰላም እንቅልፍ ይተኛል፤ ደህና ይበላል። አልፏል ብል ምን ነውር አለው? ለምን እንዲህ ብሎ እንደጠየቀኝ ገባኝ፤ ግን ያልገባኝ መሰልኩና ነጠላዬን አነሣሁ።

ፍርድ ቤት ስንደርስ በጠና ቦታ የተተካው አስተርጓሚ የለም። ሺንሺቾ ከተማ ዘመድ ሞቶበት ለቅሶ ሄዷል አሉ። ዳኛው «ቀጠሮ ይሰጣችሁ ወይስ በአማርኛ ትናገሪያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ሀብቴ ከወዲያ ቆሟል። ሌላ ቀጠሮ ማለት ሌላ ወር እንቅልፍ ማጣት ነው። ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበረኝ፤ እሱን ለዳኛ መንገር አይቻልም።

እኛ ዘንድ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትሸሻለች፤ በምትኩ ሌላ ቃል ትናገራለች። ይህ ለአማት ክብር ነው። ወንጌል ካመንን በኋላ ሰባኪዎቹ «ይህ ቀርቷል» ቢሉንም አፌ አልቀረም። በእኛ ቋንቋ «አለፈ» የሚለው ቃል የአማቴ ስም በሚጀምርበት ድምፅ ይጀምራል። የምተካው ቃል «ሄደ» የሚል ነው። የሄደ ሰው ደግሞ ይመለሳል። በሀብቴ ፊት፣ በአማቴ የበኩር ልጅ ፊት፣ ስለ ሕመሙ በሀዲይኛ ልናገር ብል ወይ ነውር እሠራለሁ ወይ «ሄዷል» እላለሁ። «ሄዷል» ብል ሀብቴ «የሄደ ይመጣል» ብሎ ይይዘኛል። አማርኛ ግን የአማቴን ስም አያውቅም። እፎይ ብዬ «በአማርኛ እናገራለሁ ጌታዬ» አልኩ።

ማልሁ። ጸሐፊው ብዕሩን አሰናዳ። ዳኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንዲገባኝ ቀስ ብለው ጠየቁኝ፦ «የባልሽ ሕመም ዘወትር አብሮት የሚኖር ነው? ወይስ ሌላ ዓይነት ነው? እንዳየሽው ተናገሪ።»

እኔም ይህን መልስ መንገድ ሙሉ ሳዘጋጀው ነበር። «አልፏል» ማለት አንሶ ታየኝ። አጥብቄ ልናገር፣ ሀብቴ አፉን የሚከፍትበት ቀዳዳ አይኑር ብዬ ደገምኩት። አገጬን ቀና አደረግሁና «ጌታዬ፣ አልፎ አልፎ ነው!» አልኩ።

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ጸሐፊው ዞረው «ሕመሙ አልፎ አልፎ እንደሚነሣበት ባለቤቱ አረጋግጣለች ብለህ ጻፍ» አሉ።

ሀብቴ ከንፈሩ ሲላላ አየሁ። ይነሣበታል? ማን አለ ይነሣበታል?

«አይነሣበትም!» አልኩ። «አልፎ አልፎ ነው አልኩ እኮ!»

«እኮ፤ አልፎ አልፎ ነው። ይኸው ተጻፈ።»

«አዎን! አልፎ አልፎ!» ይኸ ሰውዬ ለምን አይገባውም ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «አልፎ አልፎ አልፎ!»

ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሣቀ። ወደ ጠና ዞርኩ። እሱ አልሣቀም። ከንፈሩን ነክሶ ጫማውን ያይ ነበር፤ ከፊቱ አንድ የማላውቀው ስሕተት እንደሠራሁ ገባኝ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? አፌ የት ጋ እንዳመለጠ ግን አላወቅሁም።

ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። አማርኛ የሚመጣና የሚሄድ ነገርን በሁለት ቃል ይጠራዋል። ዝናቡ ቆረጥ ቆረጥ ይላል፤ ትኩሳቱ ሄድ መለስ ይላል፤ ሕመሙ አልፎ አልፎ ይነሣል። ሁሉም ድርብ ናቸው። አንዱን ቃል ብቻ ብትወስደው ተቆርጧል፣ ሄዷል፣ አልፏል፤ አለቀ። ሁለተኛውን ስትጨምርበት አላለቀም ማለት ይሆናል። ታዲያ አንድ ሰው ይህን ከሱቅ ደጃፍ እንዴት ይማረዋል? በዚያ ላይ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ። «አልፎ አልፎ የሚያብድ ሰው» ሲባል ቃሉ የሚያወራው ስለመጣበት ቀን ብቻ ነው። መካከል ያለውን ጊዜ ማን ይናገርለት? የእኔ ትዳር ያለው እዚያ መካከል ነው። ልጄን ያሳደግሁት፣ ጠና ጣሪያ የከደነው፣ ተጣልተን የታረቅነው እዚያ ውስጥ ነው።

ዳኛው ሣቁ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ ብዕራቸውን አስቀምጠው «ይህች ሴት አንድ ነገር ትላለች፣ እኔ ሌላ ነገር እሰማለሁ» አሉ። «ጠና፣ ወደዚህ ቅረብ። ሚስትህን ጠይቅና ምን ማለቷ እንደሆነ አስተርጉምልን።»

ሀብቴ ዘለለ። «ጌታዬ! እብድ ነው ብዬ የከሰስኩትን ሰው ነው የሚያስተረጉሙብኝ?»

«ዘወትር እብድ ነው ትላለህ?»

«አይ… ዘወትር እንኳ አይደለም ጌታዬ።»

«ዛሬ እብድ ነው?»

ሀብቴ ወንድሙን አየው። ካውያ የተደረገውን ሸሚዝ፣ የተላጨውን አገጭ። «ዛሬ ደህና ነው» አለ፤ ሀብቴም ቢሆን ሲጠየቅ አይዋሽም።

«እንግዲያስ ዛሬ ያስተረጉማል» አሉ ዳኛው። ጠና እንደ ወትሮው የአስተርጓሚ መሐላውን ማለ። ከዚያ እያነከሰ መጥቶ በእኔና በዳኛው መካከል፣ ድሮ በሚቆምበት ቦታ ላይ ቆመ። ቦታው ናፍቆት እንደነበር አቋቋሙ ይናገራል።

በሀዲይኛ «ምን ማለትሽ ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ሕመሙ ጨርሶ አልፏል፣ ወደፊትም አይመጣም አልኩት። በንዴት ውስጥ ሆኜ ያንን የማልናገረውን ቃል፣ የአማቴን ድምፅ፣ በሀብቴ ፊት አወጣሁት። ሀብቴ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እኔም ደነገጥሁ፤ ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።

ጠና ወደ ዳኛው ዞረ። «ጌታዬ፣ ምስክሯ ያለችው ‹ጨርሶ አልፏል፣ አይመለስም› ነው። ቃሉን የደገመችው ለማጥበቅ ነው፤ አማርኛ ሲደገም እንደሚላላ አታውቅም።»

«እንግዲያው ‹አልፏል› ነው የምትለው?»

«አዎን ጌታዬ፣ የምትለው እሱን ነው።»

ዳኛው ለጸሐፊው «የፊተኛውን ሰርዝ» አሉት። ጸሐፊው ሰረዘ። ጌታ ሆይ ተመስገን አልኩ በልቤ። ባሌ አዳነኝ፤ ራሱንም አዳነ፤ አንድ ቃል ሳይዋሽ። እንደዚያ ያለ ደስታ ከሠርጌ ቀን በኋላ አላስታውስም።

ጠና ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም።

«የምስክሯን ቃል ጨርሻለሁ» አለ። «አሁን የራሴን ቃል እንድሰጥ ይፈቀድልኝ።»

«ቀጥል።»

«ጌታዬ፣ አሁን የተሰረዘው ነው እውነቱ። ሕመሜ አልፎ አልፎ ነው።»

ጫማዬን አውልቄ ብወረውርበት ደስ ይለኝ ነበር። እውነቴን ነው። ምን አለ ዝም ብትል? ምን አለ አንድ ቀን፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ እንደ ሰው ብትሆን? ይህን ሁሉ በሆዴ አልኩት። ሀብቴም «እንግዲያው እሷ በሐሰት ምላለች!» ብሎ ጮኸ።

«አልዋሸችም» አለ ጠና። «ደህና ሆኜ ስታየኝ አለፈ ብላ ታምናለች። እኔም በየጊዜው አለፈ እላለሁ።»

ዳኛው ስለ እኔ መሐላ ምንም አላሉም። ጠናን ብቻ አዩት። «ዛሬ እንዴት ነህ?»

«ዛሬ ደህና ነኝ።»

«ነገስ?»

«የነገን ማስተርጎም አልችልም ጌታዬ።»

ማንም አልሣቀም። ዳኛው ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተለጠጡና «ለምን ነገርከኝ?» አሉት። እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ሰው ነበር የጠየቁት። «መዝገቡ ሊዘጋልህ ነበር።»

ጠና ቀስ ብሎ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ የሚያስረዳ መስሎ ተናገረ። «መዝገቡ ‹አልፏል› ተብሎ ቢዘጋ ዛሬ ወደ ቤቴ እገባለሁ» አለ። «ሕመሙ ሲመጣብኝ ግን ሀብቴ ሰው ይዞ ይመጣል፤ ያን ጊዜ እኔ ራሴ አልኖርም፤ ይህች ሴት ብቻዋን በር ላይ ትቆማለች፤ የምታሳየው የፍርድ ቤት ቃል የላትም። አልፎ አልፎ ከሆነ ግን አሁን አለሁ ማለት ነው» አለ። «አሁን እያለሁ ማን እንደሚይዘኝ እኔ ልምረጥ። ይከልክሉኝ ጌታዬ፤ አሳዳሪዬ ግን ሚስቴ ትሁን። ግንድ ውስጥ መግባት አልፈልግም።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገር ድምፁ ተሰነጠቀ። በችሎት ቆሞ ድምፁ ሲሰነጠቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ለእኔ ብሎ እንደሆነ ገባኝ፤ ደግሞም ምን እያሸከመኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡና አለቀስኩ።

ዳኛው አዲሱን የሕግ መጽሐፍ ከፍተው ብዙ አነበቡ። ጠና እንደቆመ ነው፤ ቁጭ በል ያለውም የለም። በመጨረሻ ዳኛው ብዕራቸውን አነሡና ጠና በፍርድ እንዲከለከል፣ ከዛሬ ጀምሮም ከአስተርጓሚነቱ እንዲነሣ ተናገሩ። ይኸኛውን ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አሳዳሪ ስለመሾም ግን ገና አልተናገሩም፤ ሀብቴ እንደገና እጁን አንሥቶ ነበርና።

«ጌታዬ፣ እኔ ወንድሜን አልጠላም» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ግን ይህች ሴት አልቅሳ በር ትዘጋለች እንጂ ልትይዘው አትችልም። እኔ ያገኘሁት ገደል አፋፍ ላይ ነው። አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር። ሲብስበት ካልታሰረ ይሞታል። ታስረዋለች? እስቲ ይጠይቋት።»

እውነቱን ነው። ገደሉን ሰምቼዋለሁ እንጂ አላየሁትም፤ ሀብቴ ግን አይቶታል።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «ዓለሚቱ፣ ሰምተሻል። ሲብስበትና ነፍሱ አደጋ ላይ ስትወድቅ ባልሽን ታስሪዋለሽ? ይህን ካልፈጸምሽ አሳዳሪ ላደርግሽ አልችልም።» አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። «በአማርኛ አይደለም። በቋንቋሽ ተናገሪ፤ እሱ ያስተረጉማል። ይህን ጉዳይ እንኳ ካስፈጸመ በኋላ ይነሣ።»

ጠና ወደ እኔ ዞረ። በሁለታችን መካከል አንድ ክንድ ያህል ነበር። አስተርጓሚ ሰውን ፊት ለፊት እያየ ነው የሚያስተረጉመው፤ እሱም አየኝ። «ዳኛው ይጠይቁሻል» አለ በሀዲይኛ። «ባልሽ ሲብስበት፣ ነፍሱን ሊያጠፋ ሲሆን፣ ታስሪዋለሽ ወይ ይሉሻል።» ባልሽ አለ፤ እኔን አላለም። ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

ሀብቴ ይጠብቃል፣ ጸሐፊው ይጠብቃል፣ ጠና ዓይኑን ሳይሰብር ይጠብቃል። እምቢ ብል ሀብቴ ይወስደዋል።

«አስርሃለሁ» አልኩት። «በዚህ እጄ አስርሃለሁ፤ ከአልጋችን እግር ጋር አስርሃለሁ፤ ማንም አይነካህም። ግን ጠና፣ ባሰርኩህ ቁጥር ሞቼ ነው የማስርህ። ይህን ከእኔ ሌላ ለማንም ብትሰጠው ኖሮ አንተን ጠልቼ እገላገል ነበር። አሁን መጥላት እንኳ ከለከልከኝ። ሲለቅህና ወደ እኔ ስትመለስ እጄን እንዳትሸሸው፤ እንዳትፈራኝ። ይህን ቃል ግባልኝ።»

እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ራሱን አንድ ጊዜ፣ ለእኔ ብቻ፣ ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞረ።

«‹አስረዋለሁ› ብላለች፣ ጌታዬ።»

ጸሐፊው ጻፈ። ዳኛው ግን ብዕራቸውን እንዳነሡ ቀሩ። «ብዙ ነው የተናገረችው» አሉ።

«አዎን ጌታዬ» አለ ጠና። «የቀረው የእኔ ነው።»